እንግዳ ይቀድማል

ለተከበሩ አቶ ገብረወልድ
የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሺሺንዳ መንገድ

ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ «ለእንግዶች ብቻ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል።

ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም መላ ኮሚቴዎንም በሙሉ ጤና እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ጤና ስል በተለይ ጉልበትዎን ማለቴ ነው፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ባለፈው እሁድ ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ ስጓዝ፣ እንደ ልማዴ ለመታጠብ መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ከበሩ ፊት ለፊት እትዬ አበዛሽ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በዚያ ሰፈር ሳስተምር በግቢያቸው ያኖሩኝ፣ ውሃውንም መጀመሪያ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው በአገሩ ልማድ ሰባት ቀን ሳያቋርጡ ሊታጠቡ ጀምረው፣ አምስቱን ጨርሰው፣ በስድስተኛው ቀን ሰሌዳው ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጡ ይቀመጣሉ።

ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ዋለ የተባለው ዘበኛችሁ ስላሳየኝ ጨዋነት አመሰግናለሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡ፣ እንግዳ ነዎት፤ እትዬ ግን የዚሁ ሰፈር ሰው ናቸው» ሲለኝ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። እትዬ አበዛሽ ግን «ግባ እንጂ፣ እንግዳዬ! ሳሙና ይዘሃል ወይስ እሱንም እኔ ልስጥህ?» ብለው ሳቁብኝ። አልገባሁም።

2ኛ. ስለ ግድግዳው ጥንካሬ አመሰግናለሁ። ቤቱ ሲሠራ ድንጋዩን ከወንዝ ያመላለሱት የሰፈሩ ሴቶች እንደነበሩ፣ አንዷም እትዬ አበዛሽ እንደነበሩ አይዘነጉትም፤ «የምትሠሩት ለራሳችሁ ነው» ብለው ንግግር ያደረጉላቸው እርስዎ ነዎትና። በእርግጥ ጥሩ ግድግዳ ነው፤ የሠሩትን እንኳ አያስገባም።

3ኛ. ይህኛው እኔን ይመለከታል። ሰሌዳው የተሰቀለው በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ አራት መሠረት እንደሆነ ዋለ ነገረኝ። አንቀጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቦንጋ ድረስ መጥተው «ጋሽ ሐዲስ፣ አማርኛውን ለእርስዎ ትተናል» ቢሉኝ፣ በመንገድ የደከመ ሰው ወረፋ እንዳይጠብቅ ብዬ «እንግዳ ይቀድማል» ስል ጻፍኩ። ይቀድማል የሚለው ቃል ከኋላ የሚከተል ሰው እንዳለ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ካልገባ እንግዳው ማንን ይቀድማል? አንድ የአክብሮት ቃል የበር ቁልፍ ሊሆን እንደሚችል ኮሚቴዎ ስላስተማረኝ ውለታው አለብኝ። ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ የሚያነብ ተማሪ አልገጠመኝም።

እትዬ አበዛሽ ደንቡን የጻፈው ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም። ራሴ ነገርኳቸው። ፎጣቸውን አጣጠፉና «አንተ ነህ?» አሉኝ። ሳቃቸውም በዚያው ቀረ።

ስለዚህ በአንቀጽ አራት ላይ «የሰፈሩ ሰው ይከተላል» የሚሉ ሦስት ቃላት እንዲጨመሩ ያቀረብኩት ማመልከቻ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በኮሚቴው እንደሚታይ ስለተገለጸልኝ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ከበሩ ውጪ ቆሜ ለጉልበትዎ ጤና የምጸልይ፣ ቃሌን በቅን ልብ ያዋስኩዎትና መልሼ የምጠይቅዎት፣

ሐዲስ ተሰማ
የአንቀጽ አራት ጸሐፊ
ቦንጋ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተቋረጠ የሰባት ቀን ቆጠራ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። እትዬ አበዛሽ ዓርብን ቦንጋ እኔ ቤት አድረው ቅዳሜ ጠዋት ፎጣቸውን ይዘው በመኪናዬ ይመጣሉ። ከሩቅ የመጡ ናቸውና በሰሌዳዎ መሠረት እንግዳ ናቸው። ስብሰባችሁ በሦስት ሰዓት ነው፤ እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ እንሆናለን።