ሁለት ሥራ የነበራቸው የአቶ አፔኒሳ ናዋንጋ የሕይወት ታሪክ

አቶ አፔኒሳ ናዋንጋ ከአባታቸው ከአቶ ጆሴፋ ናዋንጋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሜሬሴኒ በኦገስት 1957 በፊጂ፣ በኮሮ ደሴት ተወለዱ። በመንደራቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ ወደ ላውቶካ ከተማ ተሻግረው በስኳር ፋብሪካ ቦይለር ክፍል፣ እንፋሎት በሚፈላበት የእሳት ምድጃ ሥራ ተቀጠሩ። በ1983 ከወይዘሮ ሊቲያ ጋር ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ፈጽመው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

በእኛ ወግ ዘመድ «ኬሬኬሬ»፣ ማለትም «እባክህ ስጠኝ» ብሎ ከጠየቀ እምቢ አይባልም። አቶ አፔኒሳ ግን የወጉን ግማሽ ብቻ ነበር የተማሩት፤ መስጠት እንጂ መጠየቅ አያውቁም። የደመወዛቸውን ቀን ከእሳቸው ይልቅ ዘመድ ያስታውሰው ነበር። የቤታቸው ጣሪያ ዝጎ ስላፈሰሰ፣ በ2009 ዘመድ የማያውቀው ሁለተኛ ሥራ በዳቦ ቤት ያዙ። ጥላሸት ለብሰው ከፋብሪካ ወጥተው፣ በዱቄት ነጥተው ቤታቸው ይገቡ ነበር። በዚህ ገቢ ቆርቆሮ እየገዙ፣ ዘመድ እንዳያየው እኛ ጎረቤቶቻቸው ግቢ ያስቀምጡ ጀመር።

በ2016 ትልቁ አውሎ ነፋስ የእናታቸውን ታናሽ ወንድም የአቶ ቴቪታን ጣሪያ ወሰደው። አጎት መጥተው «ልጄ፣ ኬሬኬሬ» ሲሉ፣ ቆርቆሮው በሙሉ በጀልባ ተጭኖ ወደ ኮሮ ሄደ።

ወይዘሮ ሊቲያ «አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛውም ሥራ ለዘመድ ነው?» አሏቸው።

«ምን ላድርግ ሊቲዬ፣ አጎቴ ናቸዋ!»

እኔም «ጎረቤቴ፣ ሦስተኛ ሥራ ላፈላልግልዎት እንዴ?» ብዬ ባሾፍባቸው፣ እየሳቁ ወደ ዳቦ ቤታቸው ሄዱ።

ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ሁለቱንም ሥራ አቆሙ። ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው ወይዘሮ ሊቲያን በሚያፈስ ቤት ጥለው መሄዳቸው ነበር። አጎት ቴቪታ ሊጠይቋቸው ሲመጡ፣ አቶ አፔኒሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «አጎቴ፣ ኬሬኬሬ» አሉ።

«ምን ልጄ?»

«ለሊቲያ ጣሪያ።»

«አንተ ልጅ! እኛ እኮ ምንም የማይጎድልህ መስሎን ነው! አፍህን ለመክፈት የግድ መታመም ነበረብህ?» ብለው አጎት ተቆጡ፤ አለቀሱም። በሳምንቱ ዘመድ ሁሉ ቆርቆሮና መዶሻ ይዞ ከደሴቱ መጣ። አቶ አፔኒሳም ከአልጋቸው ሆነው «ቀስ በሉ እንጂ፣ ጎረቤት አትረብሹ!» ይሉ ነበር።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማርች 12 ቀን 2024 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው፣ በአዲሱ ጣሪያ ሥር ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ሴሬያንና ኡናይሲን፣ አራት የልጅ ልጆችን እንዲሁም አጎታቸውን ትተው ሄደዋል።

ጌታ ሆይ፣ ነፍሳቸውን በሰላም ተቀበል። ቀድሞ የሄደ ዘመድ እዚያም መጥቶ አንድ ነገር ቢጠይቃቸው፣ አንተ ቀድመህ ስጥልን፤ እሳቸው ይረፉ።