አብሮን የኖረው በሽታ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለካሣዬ፤

ጤናህ እንዴት ነው? አየሩስ ተስማማህ? ሳልህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ካፖርት ሳትደርብ ትወጣለህ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን፤ ጎደለን የምንለው አንተን ብቻ ነው። እማዬ ማታ በር ከመዝጋቷ በፊት አሁንም ወደ መንገዱ አንዴ ታያለች። ሶቭየት ኅብረት ያለ ሰው በእግሩ አይመጣም ስላት ትቆጣኛለች።

የሰኔው ደብዳቤህ ደርሶናል። አጎታችን ጋሽ ወልደጻድቅ ከዲክሲስ ሲመጡ ስለ ሥራህ የጻፍከውን አነበብኩላቸው። የእሳቸውን ገብስ የሚፈጀውን ዝንጀሮ አንተ ያለህበት የምርምር ጣቢያ ባሕር አሻግሮ በቀለብ እንደሚያኖረው ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ካሣዬን ያስተማርነው ለዚህ ነው ወይ አሉ። መልሰው ደግሞ፣ ከአገራችን የሄደች አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ እዚያ አለች ያልከውን እንድደግምላቸው ለመኑኝ። አገሯን ታስታውስ ይሆን አሉ። ሰውና ዝንጀሮ የአንድ ጥንታዊ አያት ልጆች ናቸው ያልክባትን መስመር ግን ዘለልኳት፤ ስትመጣ ራስህ ትወጣዋለህ።

እስከ ዛሬ የደበቅኩህ ነገር አለ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ እንደጨነገፈብኝ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ከባለቤቴ ከደበላ በቀር ለማንም ሳልናገር፣ ቀሚሴን አስፍቼ፣ በፍርሃት ነበር የምሄደው። አንተ ደግሞ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ቫይረስ የሚባል በሽታ በጥንት አያቶቻችን ገላ ገባ ብለህ ጻፍክ። ከወላጅ ወደ ልጅ በሚወርደው የዘር ጽሑፍ ውስጥ ራሱን ጽፎ ቀረ፣ በትልቁ ማጉያ መነጽር ሲታይም እሱን የሚመስል ነገር በዝንጀሮም በሴትም እንግዴ ልጅ ላይ ተገኘ አልክ። እዚያ ላይ ስደርስ ደብዳቤውን አጠፍኩት። ሁለቱን የበላብኝ ይኼ ነው አልኩ። ቀሪውን ሳላነብ ፍራሽ ሥር ከተትኩት።

አንድ እሑድ ደበላ ኢተያ ካለው እርሻ ልማት ሲመጣ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ። ደብዳቤውን አውጥቼ ሰጠሁትና እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ አነበበው። ለካ አብዛኛው ቅሪት በዘመን ብዛት ፊደሉ ረግፎ ዝም ብሏል። ሰውና ዝንጀሮ ሳይለያዩ የገባው በሁለቱም አለ፣ ከዚያ ወዲህ የገባው ግን የየራሳቸው ነው ብለሃል። ያ በእንግዴ ልጅ ላይ የታየው ይጉዳ ይጥቀም ገና አልታወቀም፣ በጤነኛ ወላዶችም ግን ታይቷል ብለህ ኖሯል። እማዬ ከጓዳ ሰምታ ወጣች። ጤነኞቹም ላይ አለ ነው የሚለው? አለች። አዎ አልናት። እንግዲያው እናንተም ከእሱ ጋር ነው የተወለዳችሁት አለችና ሆዴን ዳበሰችው። እኔ ደብቄ ሞቻለሁ፣ እሷ ቀድማ አውቃው ኖሯል። ያን ቀን አልቅሼ ወጣልኝ።

ወንድሜ፣ በጥቅምት መጨረሻ ሴት ልጅ ወለድኩ። ግንባሯ ያንተ ነው፤ እልኸኛነቷም እንደዚያው። አዋላጇ እንግዴ ልጁን ልታነሳ ስትል እስቲ አሳዪኝ አልኳትና ሳቀችብኝ። ቀይ ነው፣ እንደ ዛፍ ሥር የተንዠረገገ ደም ሥር አለው፤ አንተ የምትፈልገው ግን በዓይን አይታይም። ክፉ ይሁን ደግ አላውቅም። ልጄን ግን ይዞ አድርሶልኛል። እማዬ በጨርቅ ሸፍና ወደ ቤት ወሰደችውና ከጓሮው ጽድ ሥር ቀበረችው። ያንተም የኔም እዚያው ነው። አፈሩን መልሳ ቶሎ አልተነሳችም አሉ። ደበላ ምን ሆኑ ቢላት፣ ካሣዬን ትንሽ ላዋየው ብዬ ነው አለችው።

አንተ ሚሊዮን ዓመት ከሰው ያልተለየውን ትመረምራለህ፤ እኛ የአምስት ዓመት መለየትህ ከብዶናል። በጣም ናፍቀኸኛል።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ትስምሃለች። ደበላ እንደምን ነህ ይልሃል። ጋሽ ወልደጻድቅ ለአንተም ለአሮጊቷ ዝንጀሮም ሰላምታ ልከዋል፤ ገብሳቸውን ግን አልረሱላትም። ልጄ ገና ስም የላትም። ክርስትናዋ ጥር ላይ ነው፤ የቤት ስሟን የሚያወጣው አጎቷ ነው ብላ እማዬ ሁላችንንም ከለከለችን፣ ስለዚህ አንቺዬ እያልን እንጠራታለን። ፈቃድ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ስሟን በደብዳቤ አትላከው፣ ካሣዬ። እስክትመጣ አንቺዬ ትሁን። መጥተህ ጥራት።

እህትህ የውብዳር
አሰላ፣ ኅዳር 20 ቀን 1976 ዓ.ም.