ፈቃድ ሳይጠይቅ ቃሬዛ ስለሠራው ወንድሜ

ለተከበሩ የደንና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ስብሰባዎችዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ደኑን ይዘን፣ ደኑም እኛን ይዞ፣ አለን።

እኔ በመንደራችን የእንግዳ ማረፊያ ወጥ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። ሰፈሩ «ዱካ» የሚለው አስጎብኚ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እርስዎ የሚያውቁት «ተከሳሽ» በሚለው ስሙ ስለሆነ ለመተዋወቅ ያህል ጠቀስኩት። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ መጥቼ ነበር፤ ጨዋው የበር ጥበቃዎ ግን «እህቴ፣ የእርሳቸው ስብሰባ እኮ ማለቂያ የለውም፤ እግርሽን አታድክሚ» ብለው መክረውኛል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ከዚሁ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሰጡን የመገናኛ ሬዲዮ አመሰግናለሁ። አደጋው በደረሰበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ እንግዳችን፣ ወደ ፏፏቴው በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ዝናብ ያሟለጨው ድንጋይ ከዳቸውና ወደቁ። እኔም ምሳ ይዤ አብሬያቸው ስለነበርኩ የአጥንታቸውን ድምፅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጭናቸው ተሰብሮ ደማቸው ይፈስሳል፤ ከበታቻችን ደግሞ ወንዙ ደፍርሶ መሙላት ጀምሯል፤ አንዴ ከሞላ ሐኪም ወዳለበት ማዶ መሻገር የለም። ወንድሜ በሬዲዮው ተጣራ። ከቢሮዎ የመጣው ድምፅ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ባላችሁበት ጠብቁ» አለ። ወንድሜ አስተማሪዋን አየ፣ ወንዙን አየ፣ «ወንዙ ግን ስብሰባ የለበትም» ብሎ ሬዲዮውን አጠፋው።

፪ኛ. ለዛፎቻችን ስላለዎት ርኅራኄ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ሁለት ቀጫጭን ዛፎች ቆርጦ፣ ለምሳ ያነጠፍኩትን ሸራ አስሮባቸው ቃሬዛ ሠራ፤ እርሱና እኔ ከሁለት እንግዶች ጋር ሆነን ተሸክመናቸው ወንዙ ውስጥ ገባን። ውኃው ወገቤ ሲደርስ ወንድሜ «እታለም፣ እኔን እይ፣ ውኃውን አትይ» ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን የማየው የአስተማሪዋን ከንፈር ነበር፤ ነጭ ሆኗል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ሐኪሙ በኋላ «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ የተሸከማችሁት ሬሳ ነበር» አለን። ቢሮዎ ግን እንግዳዋ በሕይወት ስለመድረሳቸው ከመጠየቁ በፊት ሁለቱን ጉቶዎች ፎቶግራፍ አስነሥቶ ጨርሷል። ወንድሜ ልብሱ እንኳ ሳይደርቅ «የተጠበቀ ዛፍ ቆርጠሃል» ተብሎ ታሰረ፤ ቃሬዛውም በማስረጃነት አብሮት ታሰረ።

፫ኛ. ለባህላችን ስላለዎት ፍቅር ቃል ያጥረኛል። ሽማግሌዎቻችንን ጠይቃችሁ ያሳተማችሁት፣ ማረፊያችን ግድግዳ ላይ ያሰቀላችሁት ትልቅ ፖስተር «በዚህ ማኅበረሰብ ሕግ ዛፍ ያለ ሽማግሌዎች ፈቃድ አይቆረጥም፤ ነፍስ ለማዳን የቆረጠ ግን አይጠየቅም፤ ምትኩን ይተክላል» ይላል። ሕጋችን እንግዳ ፎቶ እንዲነሣበት እንጂ እኛ እንድንኖርበት አለመሆኑን ያስረዱን እርስዎ ነዎት። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ የሆኑት አጎታችን ፖስተሩን ከነፍሬሙ ተሸክመው ችሎት ቀረቡ። ዳኛዋ አነበቡትና የእርስዎን የሕግ ባለሙያ «ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት?» ሲሉ ጠየቁት።

«ፈቃድ መጠየቅ።»

«ከማን?»

«ከኃላፊው።»

ዳኛዋ መዝገቡን ዘግተው ወንድሜን አሰናበቱት። ውጭ ስትጠብቅ የዋለችው እናታችን እጁን እንደ ሕፃን ልጅ ያዘችው፤ ቤት እስክንገባ አልለቀቀችውም።

፬ኛ. ደስታችን ልክ እንዳያጣ ስለተጨነቁልን አመሰግናለሁ። ከፍርዱ ማግስት በሾፌርዎ እጅ የላኩት ደብዳቤ የወንድሜን የአስጎብኚነት ባጅ ነጥቆ፣ አባታችን አዝሎ እያዞረ የወፎቹን ድምፅ ያስለየበትን ደን ዳግመኛ እንዳይረግጥ አግዶታል። ይህን የሰሙት የመንደራችን አስጎብኚዎች ሁሉ መጥተው ባጃቸውን በቢሮዎ የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። አጎታችንም «ደኑን እንደ ወትሮው እንጠብቃለን፤ ልጃችን በሌለበት ግን እንግዳ አንቀበልም» ብለዋል። ይህ እንደ ቀልድ የተወሰነ እንዳይመስልዎ። እንጀራችን የሚወጣው ከዚያ ማረፊያ ነው፤ ዛሬ ድስቶቼ ተደፍተው ተቀምጠዋል፤ ከጎረቤቶቼም «በአንድ ሰው ጦስ» እያሉ ያጉረመረሙ አልጠፉም። እነርሱም ግን እያጉረመረሙ ባጃቸውን አስቀመጡ። ስንጨቃጨቅ የኖርነውን ሰዎች በአንድ ቀን ስላስማሙን ውለታዎ አለብን።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ ሻይዎ ሳይቀዘቅዝ፣ ወንዝም መንገድዎን ሳይቆርጥ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ እርስዎ በፈቀዱላት ርቀት ቆማ እጅ የምትነሣው፣

የዱካ እህት፣ የማረፊያው ወጥ ቤት ሠራተኛ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ የእገዳውን ደብዳቤ ያደረሰልን ሾፌርዎ መኪናውን መንገዱ ካለቀበት አቁሞ በእግሩ ስለመጣ፣ ሲመለስ በአቋራጭ እሄዳለሁ ብሎ ጭጋግ በወረደበት ደን ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ጩኸቱን ሰምቶ ገብቶ ያወጣው የታገደው ወንድሜ ነው። «ለኃላፊው ልጻፈው ወይስ ልተወው?» ብዬ ሾፌሩን ብጠይቀው «ጻፊው፤ እኔ ብነግራቸው አይሰሙኝም» አለኝ። ስለዚህ ለሁለተኛው ክስ ምስክር ቢቸግርዎ፣ መኪናዎን ሲያነዳልዎ ከፊትዎ ተቀምጧል።