የጥቅሱ ባለቤት

ማክሰኞ

ምዕራፉን አላገኘሁትም። ሦስት መደርደሪያ መጽሐፍ አገላበጥኩ፣ ዐይኔ ቀላ፣ የለም።

ባለፈው እሑድ በእንጅባራ ለዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎች ስሰብክ፣ «ያቋረጥከውን ጸሎት እግዚአብሔር ይጨርሰዋል» አልኩና ከሊቃውንት የአንዱን ስም ጠራሁ። (የማንን እንደሆነ እዚህ እንኳ መጻፍ አፈርኩ።) አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። ፈተና ያስጨነቀው ሁሉ ስልኩ ላይ ለጠፈው። ዛሬ ደግሞ የምርቃት መጽሔቱ አዘጋጅ ህሊና መጣች።

«መምህር፣ ሽፋኑ ላይ ልናወጣው ነው። መጽሐፉንና ምዕራፉን ይንገሩኝ።»

«ነገ» አልኳት። ፈገግ ብዬ! ወይ እኔ።

ረቡዕ

ዛሬም የለም። ለቲኦሎጂ ኮሌጅ ጓደኛዬ ደወልኩ። «አዎ፣ የእሱ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ» አለኝ። ደስ ብሎኝ የት እንዳነበበው ብጠይቀው፣ «አንተ ስትሰብከው ሰምቼ» አይለኝም! ካፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ «ያላነበባችሁትን አትጥቀሱ» እያልኩ ስጮህ ኖሬ፣ አሁን ዐይኔን በጨው አጥቤ? መጽሔቱ ቅዳሜ ማታ ማተሚያ ቤት ይገባል። በአባቶች ስም ውሸት ከማሳትም የእኔ ስም ይቅር።

ቃሉን እኔ እንዳልፈጠርኩት ግን አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ከእኔ አይወጣም። ቅኔ ያስተማሩኝ የኔታ አሁን ዳንግላ ናቸው። የእሳቸው ሳይሆን አይቀርም። ነገ እሄዳለሁ።

ሐሙስ

ከዳንግላ መናኸሪያ በጋሪ። የኔታ ዐይናቸው ጠፍቷል፣ ጆሯቸው ግን አለ። ገና ሰላምታ ስሰጥ «ወፍረሃል» አሉኝ።

ነገሩን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «የእኔ አይደለም። አንተ ነህ የነገርከኝ! ውሻ ደበሎህን ቀዶት የመጣህ ቀን፣ ረሳኸው?»

ክው አልኩ። ሁሉም ትዝ አለኝ። የቆሎ ተማሪ ነኝ፣ ትምህርት ቤታችን አዲስ ቅዳም አጠገብ ነው። ከአንድ ደጃፍ ቆሜ «በእንተ ስማ ለ…» ስል፣ «ማርያም» ሳልደርስ ውሻው ዘለለብኝ። አኮፋዳዬን ጥዬ ሩጫ! አንዲት ሴት ከበሯ ላይ በአዊኛ ጠራችኝ። ና ልጄ፣ ያቋረጥከውን እግዜር ይጨርሰዋል፣ ነበር ያለችኝ። አዊኛዬ ያኔም አሁንም ጎደሎ ነው፣ ይህቺ ግን ገብታኝ ነበር። ትኩስ ቅቅል ድንች ሰጠችኝ፣ መዳፌን አቃጠለኝ።

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት እኔ ጭንቅላት ውስጥ ስትኖር ስትኖር ጢም አብቅላ ሊቅ የሆነችው።

«እናኑ ናት» አሉ የኔታ። «ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት። አለች አሉ።»

ዓርብ

አዲስ ቅዳም በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ነበር። እማማ እናኑ አሉ! ተመስገን።

እኔን አያስታውሱኝም። «ስንቱን ተማሪ ላስታውስ፣ ልጄ?» ውሻቸውን ግን በስሙ። «ቡቼ ክፉ አልነበረም። ድምፅህን ጠልቶት ይሆናል።» ይሄን ለሰባኪ!

ቃሉንስ?

«ብዬ ይሆናል። ለፈራ ሰው ታዲያ ምን ይባላል?»

ስማቸውን መጽሔት ላይ ባወጣው ይከፋቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የክርስትና ስሜን ጻፈው። ያነበበው ሁሉ በጸሎት ያስበኛል።» ወለተ ማርያም። ዛሬም ድንች ሳልበላ አልለቀቁኝም። እንኳንም ድንች ሆነ፣ ዓርብ ነው።

ቅዳሜ

ለህሊና ሁሉንም ነገርኳት፣ ነገ መድረክ ላይ እንደምናዘዝም ጭምር። የሊቁን ስም አውጥታ «ወለተ ማርያም» ብላ ጻፈች።

ይህን የሰማ የተማሪዎቹ ጉባኤ ሰብሳቢ ግን ደወለ። «መምህር፣ ሽፋኑ ከተቀየረ ይበቃል። መድረክ ላይ ወጥተው ለምን ራስዎን ያዋርዳሉ? ነገ ሌላ ስሕተት ይፈልጉብዎታል። ማን ያምንዎታል?»

«መድረክ ላይ የተሳሳትኩትን ጓዳ ውስጥ አላርመውም» አልኩት። ፈርቻለሁ። ከዚህ ሥራ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

እሑድ

ተናገርኩ።

ውሻው ላይ ስደርስ ሳቁ። «ያልተጻፈ አንብቤያለሁ ብዬ ሰበክኋችሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። እንደ ወትሮው በጸሎት ልዝጋ ብዬ «አባታችን ሆይ» ጀመርኩ። «በደላችንንም ይቅር በለን» ላይ እንባዬ መጣና አቋረጥኩት። ከኋላ አንዲት ልጅ ቀጠለች። ከዚያ ሁሉም። እስከ አሜን እነሱ ጨረሱት፣ እኔ ቆሜ አለቀስኩ።

ሰብሳቢው ማይኩን ተቀበለኝ። አሁን አለቀልኝ ስል፣ «ወለተ ማርያምን በጸሎታችሁ አስቧት» አለ።

ለሚመጣው እሑድ ይጥሩኝ አይጥሩኝ አላውቅም። ቢጠሩኝ እሄዳለሁ። ሁሉን ተናዝዤ አንዲት ነገር ብቻ ደብቄያለሁ፤ ቡቼ ድምፄን እንደ ጠላው አልነገርኳቸውም።