ለሦስት የተካፈሉት ማይክሮስኮፕ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? እማማስ እንዴት ናት? ሳሏ ለቀቃት ወይ? እኔ በጤና በኩል ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን ከትናንት ጀምሮ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

አባባ፣ መንግሥት ሦስት የምርምር ክፍሎች በጋራ እንዲጠቀሙበት ብሎ የገዛልንን ትልቁን ማይክሮስኮፕ ያስታውሳሉ? የላኩልኝን የብርቱካን ቅጠል በእሱ አይቼ የዛፎቹን በሽታ እነግርዎታለሁ፣ እስከዚያ አይቁረጧቸው ያልኩዎ ማሽን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ሦስቱ ኃላፊዎች ማን ቀድሞ ይጠቀምበት በሚለው ተኳረፉና፣ አንዱ ያለ ሌላው እንዳይነካው ብለው ዕቃውን ተካፈሉት። የሕክምናው ኃላፊ ገመዶቹን፣ የማዕድን ጥናቱ ከማሽኑ ውስጥ አየር የሚመጠውን ፓምፕ፣ የእኔው የግብርናው አለቃ ደግሞ ናሙና ማስቀመጫውን ወስደው በየቁም ሣጥናቸው ቆለፉበት። የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል ቢባል ያምናሉ? ማሽኑን ላሠራ የተቀጠርኩት እኔ አቧራ ስወለውል ከረምኩ። ዛሬ ነገ ይታረቃሉ እያልኩ ነው ለእርስዎ ዝም ያልኩት።

ትናንት ገንዘቡን ከሰጠው መሥሪያ ቤት አንዲት ተቆጣጣሪ መጣች። ሲሠራ አሳዩኝ አለች። ሦስቱም የየድርሻቸውን አቅፈው፣ እንደ ልብ ወዳጅ እየተሳሳቁ መጡ። ገጣጥሜ ማብሪያውን ብጫነው ፓምፑ አንዴ አጓራና ክፍሉን ጭስ ሞላው። ለካስ የማዕድን ጥናቱ ኃላፊ በስውር ከራሳቸው አሮጌ ማሽን ጋር አያይዘው፣ ዘይቱን እንኳ ሳይለውጡ ሲገለገሉበት ኖረዋል! ክው አልኩ። ሴትየዋ ግን አልጮኸችም፤ መስኮቱን ከፈተችና፣ ማሽኑ የሚስማሙ ሰዎች ወዳሉበት ይሄዳል ብላ ወጣች።

ዛሬ ጠዋት በመኪና ጭነው ወሰዱት። ኃላፊዎቹ በረንዳው ላይ ቆመው አሁንም ጥፋቱ ያንተ ነው ይባባላሉ። እኔ ባዶው ክፍል ውስጥ ቀረሁ። ቅጠልዎ ፍሪጅ ውስጥ እንደተቀመጠ አለ። አባባ፣ እኔን አምነው ሲጠብቁ በሽታው ስንቱ ጤነኛ ዛፍ ላይ ተዛምቶ ይሆን?

እማማን አገላብጠው ይሳሙልኝ። አክስቴን ስለ ሹራቡ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልክክ ብሎልኛል ይበሉልኝ። ታናሽ ወንድሜን ሰላም ብለው መጋዙን እንዲስል ይንገሩት። ቅጠላቸው ቢጫ የሆኑትን ዛፎች በሙሉ ይቁረጧቸው፤ እማማ ከሥሩ የምትቀመጥበትንም ጭምር። እኔን አይጠብቁ።

ልጅዎ
ከሠራተኞች መኖሪያ፣ ሰኔ 11 ቀን