«መልስ አልሰጠችም» ስለተባለችው የልጅ ልጄ

ይድረስ ለተከበሩ የልዩ ፍላጎት ትምህርትና የወላጆች ድጋፍ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ እጠይቃለሁ። በመጣን ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምንባል፣ ይህን ያህል መቀመጥ ወገብዎን እንዳይጎዳው ከልብ እሰጋለሁ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠመኔ ይዤ የቆምኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። የምጽፍልዎም ጆሮዋ የማይሰማው የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄ በክፍልዎ ውሳኔ ከትምህርት ቤት ልትሰናበት ስለሆነ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤ ለመዝገብ ቤትዎ ይመች ብዬ ነው።

1. ስለ ምዘናው አመሰግናለሁ። የልጅ ልጄ ንግግር የምትረዳው የሰው ከንፈር እያየች ነው፤ ይህም በማመልከቻዋ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሰፍሯል። መዛኝዎ ግን ሃያውን ጥያቄ አንገታቸውን ወረቀቱ ላይ ደፍተው አነበቡላት። ቀና ያሉት ሲጨርሱ ነው። ከዚያም በየጥያቄው ትይዩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «መልስ አልሰጠችም» ብለው ሃያ ጊዜ ጻፉ። አርሜ አየሁት፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ከሥሩ «መደበኛ ትምህርት መከታተል አትችልም» ይላል።

2. ስለ መመሪያው አመሰግናለሁ። የወላጆችን መብትና የሚያገኙትን ድጋፍ የሚዘረዝረው መጽሐፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። ልጄ፣ የልጅቷ እናት፣ ላንብበው ብትል ጸሐፊዎ «እህቴ፣ ያለን እኮ አንድ ፍሬ ነው፤ ጎብኚ ሲመጣ ምን ልናሳይ ነው?» አሏት። ሽፋኑን ብቻ አሳይተው «መመሪያው ደርሶኛል» በሚለው ዝርዝር ላይ አስፈረሟት። ስለዚህ በመዝገብዎ መሠረት ልጄ ድጋፍ ያገኘች ወላጅ ናት፤ ተመልሳ ስትጠይቅም «አንቺማ ወስደሻል» ትባላለች።

3. በሳምንት አንድ ሰዓት ወላጆች የምንመካከርበት ክፍል ስለከለከሉን አመሰግናለሁ። «ወላጅ ሲሰበሰብ ጥያቄ ይበዛል» የሚለው ምላሽዎ ደርሶናል። አሁን የሕንፃዎ ደረጃ ላይ ተደርድረን እንመካከራለን፤ ባለፈው ሳምንት አሥራ አንድ ነበርን። ከመካከላችን የዓይነ ስውር ልጅ አባት የሆነ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ወላጅ የምዘናውን ውጤት ማየትና በሠላሳ ቀን ውስጥ ዳግም ምዘና መጠየቅ እንደሚችል የነገረን እሱ ነው። ቤተሰብ የሚያማክሩ ሰባት ሠራተኞች እንዳሉዎት በርዎ ላይ አንብቤያለሁ። ሰባቱ አንድ ላይ ሆነው፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የነገረንን አልነገሩንም።

ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ሰነፍ አይቻለሁ፣ ግዴለሽም አይቻለሁ፤ ሁለቱንም ታግሻለሁ። የሕፃን ዕድል አበላሽቶ ወረቀቱን በንጽሕና የሚያስቀምጥ ቢሮ ግን ያስጠይፈኛል። ሌላ ትሑት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ሠላሳው ቀን የፊታችን ማክሰኞ ይሞላል። የምንለምነው ቀላል ነው፤ ልጅቷ የምልክት ቋንቋ በሚያውቅ ሰው፣ እሱም ከታጣ ፊቱን ቀና አድርጎ በሚናገር ሰው እንደገና ትመዘን። ማመልከቻው ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ ግልባጩ ለአሥራ አንዱም ወላጆች ደርሷል።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለመቀመጫዎ ምቾትን፣ ለክፍልዎም ብዙ ጎብኚ እየተመኘሁ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የልጅቷ አያት፣ ጡረተኛው መምህር

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሐሙስ በቢሮዎ በር መስታወት በኩል ለጸሐፊዎ ቀስ ብለው የተናገሩትን ኮሪደር ላይ የነበርነው ትልልቅ ሰዎች አልሰማንም። የልጅ ልጄ ግን የእናቷን ቀሚስ ጎተት አድርጋ «እማዬ፣ ሰውዬው ‹እነዚያ ሰዎች ከሆኑ የለም በያቸው› አሉ፤ እዚህ ቁጭ ብለው እንዴት የለም ይባላል?» ስትል ጠይቃለች። መልስ የሰጣት ስለሌለ፣ ጥያቄው ሃያ አንደኛ ሆኖ በእርስዎ ስም ይመዝገብልኝ።