ችግሩ ማሳው ላይ ነው

ሰኞ፣ ጥር 18

ቆጋ መስኖ ላይ ዋልኩ። የስንዴው የውሃ ተራ ተዛብቶ ሁለት ጎረቤታሞች ተኳርፈው ነበር። እነሱን ሳስታርቅ ምሳ ሳልበላ ቀረሁ። አንድ ቀን የመስኖ ባለሙያ መሆኔ ቀርቶ ሽማግሌ ተብዬ እመዘገባለሁ።

ማታ ባሕር ዳር ስገባ ኮሮላዬ ከላይ እስከ ታች አቧራ ለብሳለች። ሕዝቅኤል በሩ ላይ ቆሞ፣ "እጠቢያት እባክሽ፣ ጎረቤት የእኛ መሆኗን ሳያውቅ" አለኝ። ባሌ የኮሌጅ የሒሳብ መምህር ነው። ቀልዱም አጭር ነው። መኪናዋ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም፣ ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም። አላጠብኳትም። ነገ ቢሮ ነኝ፣ መስክ የለም። እሰይ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ልጻፈው… ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

ከመራዊ ወደ ቦዩ በሚወስደው የአፈር መንገድ ላይ ነበርኩ። ዐሥር ሰዓት ተኩል ገደማ። ፀሐይ ፊት ለፊት፣ አቧራው ጉድ። ከፊቴ የነበረ አይሱዙ ቦዩ የፈሰሰበትን ረግጦ ጭቃውን መስታወቴ ላይ ደፋው። የውሃ መርጫውን ሳብኩ። መጥረጊያው ተነሣ፣ ውሃው የለም። ደግሜ ሳብኩ። የለም። መጥረጊያው በደረቁ ጭቃውን አዳርሶ ለጠፈው። ምንም አይታይም። ፍሬን ያዝኩ። ቆሜ በጎን መስኮት ሳይ ቦዩ ውስጥ ሰው አለ።

አያ ገብረ መስቀል። ድንች አምራቹ፣ ከስድሳ ያለፉት፣ ባገኙኝ ቁጥር ስለ ዘር የሚጠይቁኝ። ሸክማቸውን ጥለው ዘለው ነው የተረፉት። ጉልበታቸው ተልጧል፣ መዳፋቸው ደምቷል። ልገጫቸው አንድ ክንድ ያህል ቀርቶኝ ነበር። አንድ ክንድ!

ሞተሩንም ምኑንም አጠፋፍቼ ወረድኩ። ሰው ተሰበሰበ። "ውሃው እምቢ ብሎኝ ነው" አልኩ። አንድ ጎረምሳ ገብቶ ቁልፉን አዞረና ሳበው። ውሃው ፊን ብሎ ወጣ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጤና ጣቢያ ልውሰድዎ" ብላቸው፣ "ተይኝ ልጄ፣ ደህና ነኝ" አሉና ሸክማቸውን አንሥተው እያነከሱ ሄዱ።

ሐሙስ፣ ጥር 21

ሳብኩት ወይስ አልሳብኩትም?

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሳበው፣ ረጨ። ዐሥር ጊዜ ሳበው፣ ዐሥር ጊዜ ረጨ። "እመቤት፣ መኪናዋ ከእኔና ካንች የበለጠ ጤነኛ ናት" አለኝ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ሌላ ጋራዥ። ይኼኛው ቁም ነገረኛ ነው። ውሃ የምትገፋዋን ትንሽ ፓምፕ በአዲስ ቀየረልኝ። ሞከርነው፣ ይረጫል። ድሮም ይረጭ ነበር እኮ! አሮጌው በምኑ እንደጠፋ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።

እራት ላይ ለሕዝቅኤል ነገርኩት። "ቃልዬ… ሰው ሲደነግጥ እኮ እጁ ያልሠራውን ሠራሁ ይላል" አለኝ። በፍቅር ነው ያለው። አውቃለሁ። ግን ከጋራዡ ሳቅ የበለጠ የጎዳኝ እሱ ነው። ምክንያቱም እኔም እንደዚያ ማሰብ ጀምሬያለሁ። ካልሳብኩት ሰው ልገድል የነበርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ደግሞ መሪ መያዝ የለብኝም፣ አለቀ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

በሚኒባስ መራዊ፣ ከዚያ በባጃጅ። ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። አያ ገብረ መስቀል ድንቻቸውን ሲኮተኩቱ ከሩቅ አየኋቸው። ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ አለፍኩ።

እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ዛሬ አንዲት ሴት አየሁ… ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ገበያው አጠገብ ጋሽ ሙሔ የሚባሉ ሰው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ፊውዝ ልገዛ ገባሁ። የቀረኝ ተስፋ ፊውዝ ነበር። ለምን እንደፈለግሁት ስነግራቸው ወደ ጓዳው ዞረው፣ "መዲና! ነይ እስቲ ይችን ስሚ" አሉ። ልጃቸው ናት። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ቢሆናት ነው። ሻርፗን ወደ ኋላ አስራ፣ ሽቦ እየበየደች ነበር። "የመኪና ኤሌክትሪክ ከአጎቷ ተማረች፣ አሁን አጎቷ ከእሷ ይማራል" አሉኝ አባትየው። ኩራታቸውን ሊደብቁ እንኳ አልሞከሩም።

"ፊውዝ አይደለም" አለች። "ፊውዝ ቢሆን ጨርሶ ይሞት ነበር። ይኼ መርጦ ነው እምቢ የሚል።"

"እውነቴን ነው፣ እምቢ ብሎኛል" አልኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፣ ማንም አልከሰሰኝም።

ሥራዋን አስቀምጣ አየችኝ። "ውሸት ነው ማን አለሽ? ሽቦ ያለ ምክንያት አይኮርፍም። ምክንያቱን አላገኘነውም ማለት ነው እንጅ።"

ዐይኔ እንባ ሞላ። ፊውዝ ልገዛ ገብቼ! ወደ መደርደሪያው ዞሬ የማልፈልገውን አምፖል ማየት ጀመርኩ።

ከዚያ አንድ ነገር አለች። "ችግሩ ማሳው ላይ ይመስለኛል። ማሳውን ሳላይ ግን አልምልም።"

"ማሳው ሩቅ ነው እኮ፣ ቆጋ" አልኳት።

ትንሽ ግራ የገባት መሰለኝ። "ያ ነገር የደረሰብሽ ቦታ? ይሁን፣ እንደውም መንገድ ላይ እየነዳሽ ባየው ይሻላል። ረቡዕ ይመቸኛል።"

ቦታውን ልየው ያለ ማን አለ? አንዱ መካኒክ ቀለደብኝ፣ ሌላው ትከሻውን ነቀነቀ፣ ይቺ ልጅ ማሳ ድረስ ሄዳ አፈሩን ልታይ ነው። ምን ዓይነት ጥንቃቄ ነው! ለሕዝቅኤል ስነግረው፣ "ስንዴው ምን አገባው?" አለ። ሞያ አያውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 2

መዲናን እያሰብኩ ነው። በዚያች ዕድሜዋ "አላገኘሁትም" ማለትን ከየት ተማረችው? እኔ ቢሮ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ብዬ አላውቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ተገኘ።

ቀስ ብዬ ልጻፍ፣ አንዱም እንዳይዘለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወጣን። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። መዲና አጠገቤ ተቀምጣ ዕቃዋን እግሯ ሥር አድርጋለች። ምንም አትነካም። ዐይኗ ግን እጄ ላይ ነው። ማርሽ ስቀይር፣ ፍሬቻ ሳሳይ፣ መስኮት ስዘጋ… ሁሉን ታያለች። "እንዲህ ስታዪኝ እጨነቃለሁ" አልኳት። "መኪናዋንማ ሁሉም አየ፣ አንችን ያየ የለም" አለችኝ።

ቆጋ ደርሰን ስንዴው ዳር አቆምኩ። ወረድን።

"ይኸውልሽ" አልኳት።

"ምኑ?"

"ማሳው።"

ስንዴውን አየች። እኔን አየች። እንደገና ስንዴውን። ከዚያ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። ለካ በጋራዥ ቋንቋ ማሳ ሌላ ነው! ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው አለችኝ። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በመኪናው ቆርቆሮ በኩል ነው፣ ሽቦው ከቆርቆሮው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ማሳ ይሉታል። እኔ ደግሞ አዳማ ያደግኩ፣ ጋራዥ ገብቼ የማላውቅ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ማሳ ሲባል ስንዴና ድንች የሚታየኝ… ልጅቱን ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር አምጥቼ ስንዴ አሳየኋት።

"አባቴ እንዳይሰማ" አለችኝ። "ዓመቱን ሙሉ ነው የሚስቅብን።"

እያፈርኩ ልመልሳት ተነሣሁ። በዚያው መንገድ። ከፊታችን አይሱዙ፣ አቧራው ያው። መዲና ድንገት ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"አሁን ምን አደረግሽ?"

"ምንም።"

"ግራ እጅሽ። ምን ነካ?"

መብራት አብርቼ ነበር። አቧራ ሲበዛ ሁልጊዜ አበራለሁ፣ ሌላው እንዲያየኝ። ልማድ ነው፣ ሳበራ እንኳ አይታወቀኝም።

"ቁሚ። ሞተሩን እንዳታጠፊ። ምንም እንዳትነኪ። አሁን ውሃውን ሳቢው።"

ሳብኩ። መጥረጊያው በደረቁ ተንቋቋ። ውሃ የለም።

"መብራቱን አጥፊና ሳቢ።"

ፊን ብሎ ወጣ።

"አብሪ።" የለም። "አጥፊ።" ወጣ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። እያለቀስኩ ነበር የምስበው። እሷ አልከለከለችኝም። ስጨርስ ኮፈኑን አስከፈተችኝ።

ከቀኙ መብራት ጀርባ፣ ጎንበስ ካላሉ የማይታይ ቦታ ላይ፣ አንድ የዛገ ብሎን አለ። የመብራቱም የፓምፑም መመለሻ እሱ ብቻ ነው። "አንች የመስኖ ሰው አይደለሽ?" አለችኝ። "ማፋሰሻው በደለል ጠቧል እንበል። ትንሹ ውሃ ብቻውን ሲመጣ እንደምንም ያልፋል። ትልቁ ሲለቀቅ ግን ማፋሰሻውን ይሞላዋል፣ ትንሹ መውጫ ያጣል። መብራቱ ትልቁ ነው። መብራትሽስ ደብዘዝ አይልም ነበር?" ይል ነበር። እርጅና ነው ብዬ ነበር።

በዚያ በጠራራ ፀሐይ ጋራዥ ውስጥ መብራት የሚያበራ ማን አለ? ያ ጎረምሳ የሳበውም እኔ ሁሉን አጠፋፍቼ ከወረድኩ በኋላ ነው።

ብሎኑን ፈታች፣ ቆርቆሮውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈገፈገች፣ መልሳ አጠበቀች። ዐሥር ደቂቃ። እጇ አይቸኩልም፣ አይደጋግምም። ሽቦዋን የምትይዛት የታመመ ሰው ጣት እንደያዘች ሆና ነው። "ኤሌክትሪክ ሲሄድ ሁሉም ያየዋል" አለች፣ ለራሷ ይመስል። "ሲመለስ የሚያየው የለም።"

መብራት አብርቼ ሳብኩ። መስታወቱ ታጠበ።

እንዲህ ዓይነት ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ሽቦ ይበይዳል። ስንቴ በዚያ በር አልፌያለሁ!

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ሕዝቅኤልን ሰሌዳ ፊት እንዳለ ተማሪ መኪናው ውስጥ አስቀምጬ አስረዳሁት። "ሁለቱን ነገር ለየብቻ እንጂ አንድ ላይ የፈተነ የለም ማለት ነው" አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ "ላምንሽ ይገባኝ ነበር" አለኝ። ይገባህ ነበር አልኩት። ተቃቅፈን ተቀመጥን።

ማታ መዲናን ላመሰግናት ደወልኩ። ምስጋናው ብዙም አልጣማት። "ሰውየውስ? ምን አሉ?" አለችኝ።

"የትኛው ሰውዬ?"

"የዘለሉት። ከፊት ለፊት ሆነው ያዩት እሳቸው ናቸው እኮ። ምን አየሁ አሉ?"

አልጠየቅኳቸውም አልኩ። እሷ ብትሆን መጀመሪያ የምትጠይቀው እሳቸውን ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ቆጋ ሄድኩ። ራሴ ነድቼ።

አያ ገብረ መስቀል ድንቻቸው መሐል ነበሩ። ሲያዩኝ ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። ጉልበታቸው ላይ ጠባሳው ደርቋል። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ከዚያም ተደብቄያቸው ማለፌን ነገርኳቸው፣ እሱን መንገር ከሁሉ ከበደኝ። "ጃንጥላሽን አይቻታለሁ" አሉ። ምድር ብትውጠኝ።

ከዚያ ስለ መብራቱና ስለ ብሎኑ ተናገርኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ያን ዕለት ምን አዩ?" አልኳቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ ዘግይቼ።

"መጥረጊያው በደረቁ ጭቃውን ሲለጥፈው አየሁ። ጠብታ ውሃ አልነበረውም።"

"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገሩልኝም?" ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ነበር።

ከዶማው ላይ አፈሩን በእግራቸው ጠረጉ።

"ያ ልጅ ሲስበው ውሃው ወጣ አይደለም? እኔም እንደሰው አየሁት። ልጆቼ ዐይንህ ደክሟል፣ አሁን አሁን የሌለ ታያለህ ይሉኛል። እንግዲህ እውነታቸውን ነው አልሁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ብቻየን አልወጣሁም።"

እኔ እጄን ስጠራጠር እሳቸው ዐይናቸውን ሲጠራጠሩ ከርመዋል። በአንድ ብሎን።

"ታዲያ…" አሉ፣ ቃሉን ፈራ ተባ እያሉ፣ "ዐይኔ ደህና ነው ማለት ነው?"

"ደህና ነው አያ። እርስዎ ብቻ ነዎት በትክክል ያዩት።"

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ድንቹ አዞሩ። ቆይተው መራዊ ጉዳይ እንዳላቸው፣ ወደዚያ እሄድ እንደሆነ ጠየቁኝ። እሄዳለሁ አልኩ፣ መንገዴ ባይሆንም። ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው። መንገዱ ላይ ስንደርስ መብራቱን አበራሁና፣ "ይሳቡት" ብዬ አሳየኋቸው። እጃቸውን ዘርግተው በሁለት ጣት ሳቡት። ውሃው መስታወቱን አዳረሰው።

"አየሁት" አሉ።

እስከ መራዊ ድረስ እየደጋገሙ ሳቡት። አልከለከልኳቸውም።